የሦስት ወር ቀለብ ቤት ማስገባት ጥንቃቄ ነው ወይስ ገበያ ማስወደድ?

ባለጥያቄዋ (አያት ኮንዶሚኒየም)

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ሁለት ሳምንት ያላለቀ ክርክር አለና ሐሳባችሁን ስጡኝ። እቁብ ወጥቶልናል፣ 80,000 ብር። እኔ ግማሹን አስቤዛ እናስገባበት ነው የምለው። ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሳሙና፣ ለሦስት ወር የሚበቃ። ባለቤቴ ደግሞ ሁሉም ባንክ ይግባ ይላል። «ሰው ሁሉ እንዳንቺ እየተሻማ ስለሚገዛ እኮ ነው ገበያው እሳት የሚሆነው» ይለኛል።

እኔን ያስደነገጠኝ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን ያለበት ቀን። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር አለፈ፣ በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ። በማግስቱ ሰፈራችን ካለ ሱቅ ዘይት ልገዛ ሄድኩ። «የለም፣ አልቋል» ተባልኩ። መደርደሪያው ስር የተጋረደው ጨርቅ ትንሽ ተነስቶ የባለ አምስት ሊትሩ ካርቶን ጠርዝ ይታየኝ ነበር። ሁለት ልጆች ይዤ እዚያ ቆሜ ምንም ማለት አልቻልኩም። ዳግመኛ እንደዚያ መቆም አልፈልግም። ተሳስቻለሁ?

ደሞዝተኛው

እህቴ፣ ስሜትሽ ይገባኛል፣ ግን ባለቤትሽ ትክክል ነው። እኔ ጤፍ የምገዛው በአምስት ኪሎ ነው። ከእጅ ወደ አፍ ነኝ። አንቺ ኩንታል ስታስገቢ፣ ጎረቤትሽም አይታ ስታስገባ፣ ከዚያ በኋላ እኔ የምደርስበት ዋጋ ሌላ ነው። ባለሱቁ ካርቶኑን ጨርቅ ስር ደበቀው ብለሽ አዘንሽ። አንቺስ አልጋ ስር ብታስቀምጪው ለእኔ ምን ልዩነት አለው?

ባለጥያቄዋ

ይሄማ ከበደኝ። ግን ነጋዴው የሚደብቀው አስወድዶ ሊሸጥልኝ ነው። እኔ የማስቀምጠው ለልጆቼ ነው፣ አልሸጠውም። ሁለቱን አንድ አታድርጋቸው ወንድሜ።

እህል በረንዳ የምሠራ

መርካቶ እህል በረንዳ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ከውስጥ የማየውን ልንገራችሁ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ልዩነቱ ያለው መቼ ተገዛ የሚለው ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ገበሬው እጅ እህል የለም፣ መንገዱም ጭቃ ነው፣ የሚገባው መኪና ትንሽ ነው። ያን ጊዜ ወሬ ተሰምቶ ሰው ሁሉ ኩንታል ልግዛ ካለ ዋጋው በሰዓት ነው የሚለወጥብን። ሃያ አምስት ኪሎ ይገዛ የነበረ ደንበኛዬ በዚያ ሳምንት ሁለት ኩንታል ጠይቆኛል። ጤፉ ግን አልጨመረም፣ የጨመረው ፍርሃቱ ነው። ጤፍ ኅዳርና ታኅሣሥ ታጭዶ ተወቅቶ ጥርና የካቲት ላይ ሲገባ የሚገዛ ቤተሰብ ግን ማንንም አይጎዳም። እንዲያውም ነሐሴ ላይ ከሰልፉ ወጣ ማለት ነው፣ ለደሞዝተኛው ወንድማችን ቦታ ለቀቀለት።

ሌላው፣ ዱቄት አታከማቹ። እህሉን ነው የምታስቀምጡት። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፣ ደረቅ ቦታ ካገኘ ዓመታት ይቀመጣል። ስንዴና በቆሎ ግን በወራት ውስጥ ይነቅዛል። ጆንያውን ሲሚንቶ ወለል ላይ አትጣሉት፣ ከግድግዳም አታስጠጉት፣ ከስሩ ሁለት እንጨት አድርጉለት። በርበሬም ሳይደርቅ ከተቋጠረ ይሻግታል፣ የሻገተውን ደግሞ ጠርጎ መብላት የለም፣ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በዓይን አይታይም። እናቶቻችን በርበሬ ፀሐይ ላይ አስጥተው በእጃቸው እያሹ ሲንኮሻኮሽ ካልሰሙ የማያስገቡት በምክንያት ነው።

የባንክ ሰው

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ባልሽም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፣ ግን ባንክ ያስገባሽው ብር ቁጥሩ እንጂ አቅሙ እንዳለ አይቆይም። በ2014 የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሄድ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ልዩነቱን አስቢው፣ ዓመት ጠብቀሽ ስታወጪው አምና ይገዛ የነበረውን አይገዛም። ስለዚህ በሚቀጥለው ወር በእርግጠኝነት የምትበይውን ዛሬ መግዛት ከቁጠባ አይተናነስም። ባንኩ ራሱ ይወድቃል ብላችሁ የምትሰጉ ካላችሁ ደግሞ አሁን የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አለ፣ እስከ 100,000 ብር ድረስ ይሸፍናል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ዶላር ከጥቁር ገበያ ገዝቶ ቤት ማስቀመጥ ለብዙ ሰው መፍትሔ ይመስላል። ሕገወጥነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ሐሰተኛ ኖት ይዘው መጥተው ፊቴ ያለቀሱ ሰዎች አይቻለሁ። የልፋት ገንዘብ ነበር።

ጋሼ ጡረተኛው

ልጆቼ፣ እኔ ፍራሽ ስር የተቀመጠ ብር ሁለት ጊዜ ሲቀየር አይቻለሁ። በ1969 ደርግ የንጉሡን ብር ሲቀይር አጎቴ ገጠር ነበሩ፣ ወሬው የደረሳቸው ዘግይቶ ነው። እንስራ ውስጥ የቀበሩት ወረቀት ሆኖ ቀረ። ከዚያ በ2013 መስከረም ደግሞ ባለ 200 ብሩ ሲመጣ አሮጌውን ለመቀየር የተሰጠው ሦስት ወር ነበር። ስለዚህ ጥሬ ብር ያስፈልጋል፣ ግን ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ወጪ የሚሆን፣ በዝርዝር፣ ከዚያ አይበልጥ።

በደርግ ጊዜ ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በራሽን ነበር። ለሊት ተነስተን ድንጋይ አስቀምጠን ወረፋ እንይዝ ነበር። ያን ጊዜ ያሳለፈን ማን ነው ብትሉኝ ጎረቤት ነው። አንዷ ለዳቦ ትሰለፋለች፣ አንዷ ለጋዝ፣ ማታ ይካፈላሉ። የዛሬ ኮንዶሚኒየም ፎቁ ላይ ማን እንደሚኖር እንኳ አታውቁም። ከጤፉ በፊት እሱ ያሳስበኛል።

ደሞዝተኛው

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። ለየብቻ መደበቅ አያድነንም።

ከመቀሌ

ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ነው የማነበው፣ ዛሬ ግን ልጻፍ። ክፉ ቀን ለእኛ ወሬ አልነበረም። ከሰኔ 2013 መጨረሻ በኋላ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ተቋረጠ። ከፕሪቶሪያው ስምምነት፣ ማለት ከጥቅምት 2015 በኋላ ነው ነገሩ ቀስ በቀስ የተከፈተው። ደብተሬ ላይ የዓመታት ቁጠባ ነበር። ባንኩ ደጃፍ ሄጄ የተቆለፈውን በር አይቼ እመለስ ነበር፣ ምን እንደምጠብቅ ሳላውቅ። በኋላ ጥሬ ብር ያለው ሰው ደብተር ላይ ካለው ትልቁን ድርሻ ቆርጦ ነው የሚሰጠው፣ እሱም ከተገኘ። የጋብቻ የጆሮ ወርቄን ሸጥኩ፣ ዋጋውን መናገር አልፈልግም። ወርቅ ለክፉ ቀን ነው የምትሉ፣ ክፉ ቀን ሁሉም ላይ እኩል ሲመጣ ሻጭ ብቻ ነው ያለው፣ ገዢ የለም።

ቤቴ ግማሽ ጆንያ ጤፍና ሽሮ ነበረኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሦስት ወር ያልኩት ሦስት ወር አልቆየም። የጎረቤቴ ልጆች በራፌ ላይ ቁጭ ብለው ምጣድ ስጥድ ሽታው ይደርሳቸዋል። በር ዘግተሽ ትበያለሽ? አትበዪም። እኔም አልቻልኩም። ግን በሌላ ቀን እነሱ ከገጠር ዘመድ በሶ መጣላቸውና በሳህን ይዘው መጡ። ስለዚህ ለደሞዝተኛው ወንድሜ የምለው፣ አንድ ሰው ቤት ቀለብ መኖሩ ለሰፈሩም ነው፣ ሁሉም ባዶ ከሆነ የሚካፈሉት ምንድን ነው?

ደግሞ ሁላችሁም ምግብ ምግብ ትላላችሁ። እኔን ያስለቀሰኝ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ነው። እሱን ማንም ጎረቤት ሊያበድረኝ አልቻለም።

ባለጥያቄዋ

አንብቤ ዝም አልኩ። እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። መድኃኒቱን አላሰብኩትም ነበር። አማቴ ስኳር አለባቸው፣ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት።

ነርሷ

ኢንሱሊን ከሆነ የሚወስዱት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ ቀዝቃዛ የሸክላ እቃ ውስጥ ማኖር ይቻላል፣ ግን በረዶ እስኪሆን አይቀዝቅዝ፣ በረዶ ከነካው ይበላሻል። ሐኪማቸውን አነጋግሪና ሁልጊዜ የአንድ ወር ትርፍ ይኑራቸው። ቀኑ የቀረበውን አስቀድመው ይጠቀሙ፣ አዲሱን ከኋላ አስቀምጪ።

ስለ ደህንነት ካነሳን፣ እኔ በሥራዬ የማየው ሌባ ሳይሆን ከሰል ነው። መብራት ጠፋ፣ ብርድ ነው፣ ምድጃውን ክፍል ውስጥ አስገብተው በርና መስኮት ዘግተው ይተኛሉ። ጭሱ ስለማይታይ የጠፋ ይመስላቸዋል። አንድ ቤተሰብ ከነልጁ መጥቶብን ያውቃል፣ ልጁ ብቻ ነው የተረፈው። ከሰል ውጭ ይቀጣጠል፣ ውጭ ነድዶ ይለቅ። ቤንዚንም በጀሪካን ኮሪደር ላይ የምታስቀምጡ፣ እባካችሁ ተዉ። ውሃ ግን ሃያ ሊትር ጀሪካኖች ሞልታችሁ አስቀምጡ፣ ንጽሕናው ካጠራጠራችሁ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩበት ወይም አፍሉት።

ስሜን አልጠቅስም

ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን ሰው ሲራብ የመጀመሪያው የሚመጣው ጆንያ ያለበት ቤት ነው። መሣሪያ የሌለው ቤት ያከማቸው ለሌላ ሰው ነው። እኔ ከቀለቡ በፊት ሽጉጥ ነው የምለው።

ከጎንደር

ወንድሜ፣ እኔ ያለሁት ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ተኩስ ያልተለየበት አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ከልምድ ልናገር። ሰፈራችን ውስጥ መሣሪያ አለው የተባለ ቤት ነው አስቀድሞ የሚንኳኳው፣ በሁሉም ወገን። ሕጉም አለ፣ አዋጅ 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፣ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ አደጋው ራሱ ሽጉጡ ነው። እኛን የጠቀመን ሌላ ነው። አለማውራት። ምን እንዳስገባችሁ፣ እቁብ መቼ እንደወጣላችሁ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ምን እንደላከላችሁ ፌስቡክ ላይ አትጻፉ። መንገድ ላይ የሚታገተው ብዙ ጊዜ ገንዘብ አለው ተብሎ ነው። ለመሄድ ግድ ከሆነ በዚያው ቀን በመንገዱ የመጣ ሹፌር ጠይቁ፣ በቀን ሂዱ፣ ቤት ላለ ሰው የደረሳችሁበትን ቦታ ንገሩ። ሌላው፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ቤተሰቡ የት እንደሚገናኝ አስቀድሞ ይነጋገር። ልጆቹ የአባታቸውን ስልክ ቁጥር በቃላቸው ይወቁት።

ከአሽዶድ

እኔ ከእስራኤል ነኝ። እዚህ በጥቅምት 2023፣ በእናንተ 2016 መጀመሪያ ማለት ነው፣ የውስጥ ግንባር ዕዝ የሚባለው፣ ሕዝቡን ለአደጋ የሚያዘጋጀው የጦሩ ክፍል፣ ሁሉም ቤት ለ72 ሰዓት የሚበቃ ውሃና ምግብ ይያዝ ብሎ ሲያውጅ በዚያው ቀን ሱፐርማርኬቱ ባዶ ሆነ። ባለሀብትም ደሃም እኩል ተሰለፈ። እናቴ ግን አልተሰለፈችም። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ሁልጊዜ አላት፣ ከኢትዮጵያ ከመጣች ጀምሮ አልተወችውም። ሳይረን ሲጮህ እኛ ከተማ ማማድ፣ ማለት ቤት ውስጥ ያለው የተጠናከረ መጠለያ ክፍል፣ ለመግባት 45 ሰከንድ ነው ያለን፣ ያን ጊዜ የምታነሳው አንድ ቦርሳ ብቻ ነው። መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የልጆች የልደት ወረቀት፣ መድኃኒት፣ ትንሽ ጥሬ ገንዘብ፣ የስልክ ቻርጀር። እናንተም የቤት ካርታችሁን፣ የጋብቻ ወረቀታችሁንና የባንክ ደብተራችሁን ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቤት አስቀምጡ።

ደሞዝተኛው

አሁንም አንድ ጥያቄ አለኝ። 80,000 የሌለው ምን ያድርግ? ይሄ ሁሉ ምክር እኔን አይነካኝም።

እህል በረንዳ የምሠራ

ይነካሃል። እኛ ጋ እድርተኞች ተሰባስበው የሚመጡ አሉ። አሥር አባወራ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጣ ጥር ላይ አሥር ኩንታል በአንድ ጊዜ ይገዛሉ። በችርቻሮ አምስት አምስት ኪሎ ከምትገዛው በግልጽ ይረክሳል፣ ማጓጓዣውንም ይካፈላሉ። የእድር ደንባችሁ ለቀብር ብቻ ነው የሚል ካለ ስብሰባ ላይ አንስታችሁ ማሻሻል ትችላላችሁ። ለአራት ሰው አንድ ኩንታል ሁለት ወር ተኩል ገደማ ነው የሚሄደው፣ በዚያ አስሉት።

ደሞዝተኛው

እድራችን ውስጥ እንዲህ ብሎ ያሰበ የለም። ላነሳው እችላለሁ። ተበድሮ መግዛትን ግን ማንም እንዳይመክረኝ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሲባል ነው ያደግኩት።

ጋሼ ጡረተኛው

ተበደር ያለህ የለም ልጄ። አዋጣ ነው የተባልከው።

ባለጥያቄዋ

ማታ ሁሉንም ለባለቤቴ አነበብኩለት። የመቀሌዋን ሁለት ጊዜ ነው ያስነበበኝ። እንዲህ ተስማማን። 50,000ው ባንክ ይገባል። አሁን ሐምሌ ስለሆነ ኩንታል ጤፍ አንገዛም፣ እንደ ወትሮው በሃያ አምስት ኪሎ እንቀጥላለን፣ ለጤፉ 15,000 ለብቻ ተቀምጦ ጥርን ይጠብቃል። የአማቴ መድኃኒት የአንድ ወር ትርፍ ነገ ይገዛል። አራት ጀሪካን ውሃ፣ የወረቀቶቹ ቦርሳ፣ ጥቂት ዝርዝር ብር። ሳሙናና ዘይት በየወሩ አንድ አንድ እየጨመርን።

ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን ጎረቤቶቻችንን ስማቸውን እንኳ አላውቅም ነበር፣ ዛሬ ቡና ጠርቻቸዋለሁ። አራት ቤት ሆነን ጥር ላይ አብረን እንግዛ ልላቸው ነው። የእህል በረንዳው ወንድሜ፣ አራት ኩንታል ሠርገኛ አያት ድረስ የሚያመጣ መኪና ስንት እንደሚያስከፍል ብትነግረኝ ከቡናው በፊት ሒሳቡን ይዤ እጠብቃቸዋለሁ።