ዲናሞው ቻርጅ አያደርግም፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ መኪናው የድሮ ዲዝል የጭነት ነው፣ 24 ቮልት፣ ሁለት ባለ 12 ባትሪ በሲሪየስ የታሰረ። ሞተሩ እየሰራ ባትሪው ላይ ስለካው 24.6 ገደማ ነው የሚያሳየኝ፣ መብራት ሳበራማ ጭራሽ እየወረደ ይሄዳል፣ ከ27.5 እስከ 28.5 መሆን ነበረበት አይደል? የሚገርመው አንዳንዴ ነዳጅ ረገጥ አድርጌ ዙሩን ከፍ ሳደርገው በድንገት ወደ 28 ይዘልና እስካጠፋው ድረስ ጥሩ ይሰራል። ቁልፍ ስከፍት ደሞ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የባትሪ መብራት አትበራም፣ እና እኔ የጠረጠርኩት እሷን ነው ምክንያቱም ዲናሞው መነሻ ከረንት የሚያገኘው በሷ በኩል ነው፣ አምፖሏ ከተቃጠለች ወይ ገመዱ ከተበጠሰ ዲናሞው በዝቅተኛ ዙር ቻርጅ ማድረግ አይጀምርም። መካኒኩ ግን ዲናሞው በሙሉ ይቀየር ይላል (ለሱ ምን አለበት ከፋዩ እኔ)። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ አይንሸራተትም፣ የማሳ (የኔጌቲቭ) ገመዱንም ፈትቼ አጽድቼ አስሬዋለሁ ለውጥ የለም። ወይስ ካርቦኑ (ዲናሞው ውስጥ ያለው ብሩሽ) አልቆ ይሆን? ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተሩስ? ዲናሞውን ሳላወርድ የምለይበት መንገድ ካለ ንገሩኝ በናታችሁ፣ ከባትሪ ፖዘቲቭ በትንሽ ባለ 24 አምፖል አድርጌ ዲ ፕላሱ (D+፣ የባትሪዋ መብራት ገመድ ዲናሞው ላይ የሚገባበት) ላይ ብሰጠው የሚቃጠል ነገር አለ እንዴ?