ቦይለራችን ሲሞቅ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፣ ከቱሉ ዲምቱ
ጤና ይስጥልኝ። ባለ 80 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር አለን። ከተገጠመ አራት ዓመት ሆነው። ከሁለት ወር ወዲህ ባበራሁት ቁጥር እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል። ልጄ ፈርታ ሻወር ቤት ብቻዋን አትገባም። ድሮ ለሦስት ሰው ይበቃ የነበረው ሙቅ ውሃ አሁን ሁለተኛው ሰው ሳይጨርስ ይቀዘቅዛል። ሲሞቅ ደግሞ ከሥር ያለችው ሴፍቲ ቫልቭ ጠብ ጠብ ትላለች። ያየው ባለሙያ «አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ፤ እስከዚያው ቫልቯን ልድፈናት» አለኝ። እንዳይነካት ብዬ ሸኘሁት። ውሃችን የጉድጓድ ነው፤ የሻይ ማንቆርቆሪያችንም ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። የግድ መግዛት አለብኝ?

መልስ፣ የቧንቧ ሠራተኛ ከቃሊቲ
እህቴ፣ ቫልቯን አለማስደፈንሽ ትልቅ ነገር ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ትርፉ የሚወጣው በእሷ በኩል ነው። ተደፍና ሳለ ውሃው ሲሞቅ የሚያጠፋው ቴርሞስታት ቢበላሽ ግፊቱ መውጫ ያጣና ጋኑ ሊፈነዳ ይችላል። ሲሞቅ ብቻ ጠብ ካለች ሥራዋን እየሠራች ነው። ከቀዘቀዘም በኋላ ካላቆመች አስቀይሪያት።

የሚንጣጣው ኖራ ነው። የጉድጓድ ውሃ በድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየም ይዞ ይመጣል። ሲሞቅ ካልሲየሙ ይለይና ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ላይ ይጋገራል፤ የቀረው ከሥር ይዘቅጣል። ዝቃጩ ውስጥ የታፈነው ውሃ ፈልቶ እንፋሎቱ ሰብሮ ሲወጣ ነው ያ ድምፅ የሚሰማሽ። ቴርሞስታቱም ሬዚስታንሱ አጠገብ ስለሆነ የታፈነው ሙቀት ያሳስተዋል፤ ላይኛው ውሃ ገና ሳይሞቅ ያጠፋል። ውሃው ቶሎ የሚያልቅብሽ ለዚህ ነው።

ጋኑ ራሱ ካላፈሰሰ አዲስ አትግዢ፤ ይጠረግ። መጀመሪያ ብሬከሩን ከቦርዱ አጥፊ፣ ውሃው ይቀዝቅዝ። የቀዝቃዛውን መግቢያ ዝጊና የሙቁን ቧንቧ ክፈቺ፤ አየር ካልገባ ውሃው አይወርድም። የቫልቯን እጀታ አንስተሽ ባልዲ ላይ አፍስሺው። ከዚያ ያለው የሽቦ ሥራ ስለሆነ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይያዘው። የታችኛው ክዳን ሲፈታ ሬዚስታንሱ አብሮ ይወጣል። ኖራውን በእንጨት አራግፋችሁ ሬዚስታንሱን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ የሽቦው ጫፍ ግን እንዳይነካው። የጋኑን ውስጥ በብረት አትፋቁ፣ ሽፋኑ ከተላጠ ይዝጋል።

መልስ፣ ከአያት
ልጄ፣ ሁሉም ዝቃጭ ኖራ አይደለም። እኛ ቤት የወጣው ቡናማ ጭቃ ነበር። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ድፍርስ ነው ለካ። ከሚወጣው ቆንጥረሽ ሰሃን ላይ አድርጊና አቼቶ ጠብ አድርጊበት። አረፋ ከደፈቀ ኖራ ነው። ዝም ካለ ደለል ስለሆነ በንጹህ ውሃ እየተለቀለቀ ይወጣል። እኔ አሁን ውሃ ሲመጣ የመጀመሪያውን ለጓሮው አትክልት ነው የምለቀው፤ ታንከር የምሞላው ሲጠራ ነው።

መልስ፣ ከለቡ
የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ቢጨመርበት አይፈጥንም?

የቧንቧ ሠራተኛው ከቃሊቲ
ወንድሜ፣ ተው። አሲዱ ኖራውን በልቶ አያቆምም፤ ብረቱን ይቀጥላል። ጭሱም ጠባብ ሻወር ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። አቼቶ ይዘገያል እንጂ ያጸዳል።

አንድ የረሳሁት አለ። ውስጥ ቀጭን የማግኒዥየም ዘንግ አለች። ዝገት ጋኑን ትቶ እሷን እንዲበላ የተቀመጠች ናት። ሽቦዋ ብቻ ከቀረ ትቀየር። ክዳኑ እንዳያፈስ የሚያሽገው ጋስኬትም አዲስ ይሁን። ሲሞላ ከሙቁ ቧንቧ ውሃ ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ጠብቂ፣ ብሬከሩ የሚበራው ከዚያ በኋላ ነው። ባዶውን ከበራ ሬዚስታንሱ ወዲያው ይቃጠላል። ቴርሞስታቱን 60 ዲግሪ ላይ አድርጊው፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ኖራው ይብሳል።

ጠያቂዋ፣ ከስድስት ቀን በኋላ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የወንድሜ ጓደኛ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ ቅዳሜ መጥቶ ከፈተው። ክዳኑ ሲላቀቅ የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ነጭ ስብርባሪ ባልዲው ላይ ተዘረገፈ፤ ሁለት ጣሳ ሞላ። እማማ እንዳሉት አቼቶ ጠብ አደረግሁበት፣ አረፋው ተንፈቀፈቀ። ሬዚስታንሱ የእጄን አንጓ ያህል ወፍሮ ነበር። ሌሊቱን ተዘፍዝፎ አደረና ጠዋት በቀላሉ ተላቀቀ። ዘንጓ አልቃ ሽቦዋ ብቻ ቀርታለች፤ እሷንና ጋስኬቱን ገዛን። አሁን ድምፅ የለም። ትናንት ሦስታችንም ታጠብን፣ ልጄም ብቻዋን ገባች።

ወንድሜ፣ በስንት ጊዜ ላስከፍተው?

የቧንቧ ሠራተኛው ከቃሊቲ
እንኳን ደስ አለሽ። በእናንተ ሰፈር ውሃ በየዓመቱ አስከፍቺው። ከዚያ በፊት ከተንጣጣ ቀኑን አትጠብቂ።