የዕቅድ ውይይት፦ የእንግሊዛዊውን አቀናባሪ የዊልያም በርድን የቨርጂናል (የጥንት ባለ ቁልፍ መሣሪያ) ሙዚቃ በዲጂታል ማረም (ረቂቅ 2)

አስተባባሪ፦
ረቂቁ የኔቭል መጽሐፍን (የበርድ ቅንብሮች የእጅ ጽሑፍ ስብስብ) 42 ቅንብሮች በአንድ ዙር እንጨርስ ይላል። በዛ። ጆን ባልድዊን በ1591 እ.ኤ.አ. ገልብጦ የጨረሰው ይህ መጽሐፍ እጅ ጽሑፉ ያማረ ስለሆነ ሥራው ቀላል ይመስላል፤ የሚከብደው ሁለት ምንጭ ሲስተያይ ነው። ለሙከራ በኔቭልም በፊትስዊልያምም መጽሐፍ (ሌላ የቨርጂናል ሙዚቃ የእጅ ጽሑፍ) የሚገኘውን «ዘ ካርማንስ ዊስል» የተባለውን ቅንብር ብቻ እንያዝ።

የግልበጣ ክፍል፦
እንስማማለን። የ1899ኙ የፊትስዊልያም ኅትመት ግን መነሻ እንዳይሆን፤ የሚገለበጠው ከእጅ ጽሑፉ ፎቶ ነው። ሁለት ሰው ሳይተያዩ ይገልብጡ፣ ከዚያ ፋይሎቹ ይነጻጸሩ።
ስታፉ (ኖታ የሚጻፍበት የመስመር ረድፍ) ባለ 6 መስመር መሆኑ ብዙ ሰው ያሳስታል። በተለመደው የክሌፍ (የመስመሮቹን ድምፅ የሚወስነው ምልክት) አቀማመጥ የቀኝ እጁ ስታፍ ከታች ሲቆጠር ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ ነው። የታችኛውን መስመር በዛሬው ባለ 5 መስመር ልማድ ሚ ብሎ የጀመረ ገልባጭ ረድፉን በሙሉ ሁለት ደረጃ ከፍ አድርጎ ይጽፈዋል። ከዛሬው ስታፍ የሚተርፈው መስመር በቀኙ ከታች፣ በግራው ከላይ ስለሆነ የቀኙ ከላይ፣ የግራው ከታች ይቆጠር። ክሌፉ ቦታ ከቀየረ ደግሞ እንደገና ይታይ።

የኮድ ክፍል፦
ፋይሉ በኤም.ኢ.አይ. (ኖታን በኮድ መጻፊያ ሥርዓት) ይሁን፣ ማሳያው በቬሮቪዮ (ኮዱን ወደ ኖታ ምስል በሚቀይረው ሶፍትዌር)። በምንጩ ፍላትን (ድምፅን በግማሽ ደረጃ ዝቅ የሚያደርገውን ምልክት) የሚሽረው ብዙ ጊዜ ሻርፕ (ከፍ የሚያደርገው) ነው፤ እንዳለ ከገባ ኮምፒውተሩ ሲን ዶ አድርጎ ያሰማል። ስለዚህ የተጻፈው ምልክትና የሚሰማው ድምፅ ለየብቻ ይመዝገቡ። ምልክቱም እስከ ባሩ መጨረሻ አይዘልቅም። በአንድ ባር ፋ ሻርፕና ፋ ሲጋጩ «ስሕተት ነው» ብሎ ማለሳለስ የበርድን ድምፅ ማጥፋት ነው። የእኛ ጭማሪ ከኖታው በላይ በትንሹ ይቀመጥ።

አንድ አባል፦
በኖታው ዘንግ ላይ ያሉት አንድና ሁለት ሰረዞች ለተማሪ እንዲመቹ ወደ ትሪል (ሁለት ጎረቤት ድምፆችን በፍጥነት የማፈራረቅ) ምልክት ቢቀየሩስ?

የግልበጣ ክፍል፦
አይቀየሩ፣ እባክዎ። ትርጉማቸው በእርግጠኝነት አይታወቅም። ሁለቱ ምንጮች በብዛት የሚለያዩትም በእነዚሁ ሰረዞች ነው፤ ከቀየርናቸው ልዩነቱ ራሱ ይጠፋል። ሰረዙ እንዳለ ይቀረጽ፣ የአጨዋወት ሐሳብ በመግቢያው ይጻፍ።

አስተባባሪ፦
የረቂቁ አንቀጽ 4 በዚህ ይስተካከላል። የምስል ፈቃዱን መጽሐፎቹን ከያዙት ከብሪቲሽ ላይብረሪና ከካምብሪጁ ፊትስዊልያም ሙዚየም አስቀድመን እንጠይቅ፤ ያለ ፎቶው አንባቢ ንባባችንን ሊፈትሽ አይችልም።