ላፕቶፔ ላይ ኢንተርኔት ይቆራረጣል፣ ስልኬ ላይ ግን ደህና ነው

ጥያቄ (ቪዲዮ አዘጋጇ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሠርግ ቪዲዮ ቤት ሆኜ ኤዲት እያደረግሁ ለደንበኞች እልካለሁ። ፋይል መጫን ስጀምር ኢንተርኔቱ ድንገት ቀጥ ይላል። ላፕቶፑ ዋይፋይ ይዣለሁ ይላል፣ ገጽ ግን አይከፈትም። ቆይቶ ራሱ ይመለሳል። በዚያው ሰዓት ስልኬ ላይ ቴሌግራም ይሠራል። ራውተሩን አጥፍቼ አብርቻለሁ፤ ለውጥ የለም። ደንበኛ እየጠበቀኝ ነውና እባካችሁ ተባበሩኝ።

ከሐዋሳ፦ እህቴ፣ ዝናብ ሲዘንብ ይብስበታል? በስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት ከሆነ፣ ውጪ ያለው መገጣጠሚያ ውሃ ሲገባበት እንዲህ ያደርጋል። የቤት ስልኩን አንስተሽ አዳምጪ። የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለው መስመሩ ነው።

ኔትወርክ ወዳጅ፦ ስልኳ እየሠራ መስመሩን መጠርጠር ይከብዳል። ግን ስልክሽ በዋይፋይ ነው ወይስ በሲም ዳታ? ዋይፋይ ሲደክም ስልክ ዝም ብሎ ወደ ዳታ ይዞራል፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ዳታውን አጥፍተሽ እዪው።

ከዚያ ከመገመት እንለካ። ሲኤምዲ (ትእዛዝ የሚጻፍበትን የዊንዶውስ መስኮት) ሁለት ጊዜ ክፈቺ። በአንዱ ፒንግ (መልስ መምጣቱንና ስንት ጊዜ እንደፈጀ የሚያሳይ ትእዛዝ) ብለሽ የራውተሩን አድራሻ ስጪው፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። በሌላው 8.8.8.8 (ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል አድራሻ) አድርጊ። እንዳይቆም መጨረሻ ላይ ሰረዝና ቲ (-t) ጨምሪበት። ሁለተኛው ብቻ ከቆመ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ሁለቱም ከቆሙ በላፕቶፑና በራውተሩ መካከል ነው። ሁለቱም እየሠሩ ገጽ ካልከፈተ ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን) እናያለን።

ቪዲዮ አዘጋጇ፦ ዳታ አጥፍቼም ስልኩ ይሠራል። ፒንጉ ሁለቱም ጋ ቆመ! የራውተሩ መጀመሪያ 3 ሚሊ ሰከንድ ነበር፤ ፋይል መጫን ስጀምር 400 ገባ፣ ከዚያ ታይምድ አውት (መልስ አልመጣም) ማለት ጀመረ።

ሳሪስ 01፦ ዲቫይስ ማኔጀር ገብተሽ የዋይፋይ ካርዱን ፓወር ማኔጅመንት ክፈቺ። ኃይል ለመቆጠብ እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት አንሺ። ብዙ ላፕቶፕ ላይ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ኔትወርክ ወዳጅ፦ እሱን ማድረጉ አይጎዳም። ግን ካርዱ ሥራ ላይ እያለ ነው የሚቆመው፣ ስለዚህ ሌላ ነገር ጠረጠርኩ። በዚያ ሰዓት ላፕቶፑ ላይ ምን ተሰክቷል? ማውስሽስ ገመድ አለው?

ቪዲዮ አዘጋጇ፦ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ። ቪዲዮዎቹ ያሉት እሱ ላይ ነው፣ በቀጥታ ከእሱ ነው የምጭነው። ማውሱ ገመድ የለውም። አሁን ሳስበው እሱም በዚያ ሰዓት ይንቀራፈፋል፤ ባትሪው መስሎኝ ቀይሬዋለሁ።

ኔትወርክ ወዳጅ፦ ተገኘ! ዩኤስቢ 3 ዲስክ ሲሠራ ከሶኬቱና ከገመዱ የሚወጣው የሬዲዮ ረብሻ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው የሞገድ ክልል ላይ ያርፋል። ዋይፋይሽም ማውስሽም እዚያው ናቸው። ኢንቴል በ2012 ስለዚሁ ጽሑፍ አውጥቷል። ስልክሽ ከዲስኩ ራቅ ስለሚል አይነካውም። ለዛሬ ፋይሉን ላፕቶፑ ውስጥ ገልብጪ፣ ዲስኩን ንቀይ፣ ከዚያ ጫኚ። ለወደፊቱ ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ወደዚያ ዙሪ።

ቪዲዮ አዘጋጇ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ዲስኩን ነቅዬ ጫንኩት፣ ሳይቆራረጥ አለቀ። ደንበኛዬ ፋይሉ ደርሶታል። 5 ጊጋኸርዝ ግን መኝታ ቤት ድረስ በደንብ አይደርስም።

ከሐዋሳ፦ እሱ ግድግዳ ይከብደዋል። በቪዲዮ ለሚተዳደር ሰው የኔትወርክ ገመድ ከሳሎን መዘርጋት ይሻላል። ካት 6 የሚባለውን ዓይነት ግዢ። እስከዚያ ግን ዲስኩን ከዋይፋይ አንቴናው አርቀሽ፣ በላፕቶፑ ሌላ ጎን ባለው ሶኬት ሞክሪው።