ሰብታይትሉ አልገጥም አለኝ፣ እንግዶች እየመጡ ነው!

ጠያቂ፦ ቤተሰብ፣ ቶሎ በሉልኝ። ዛሬ ማታ 1 ሰዓት ላይ ሰባት ሰው ለሆረር ምሽት ጠርቻለሁ። ፊልሙ የጃፓናዊው ዳይሬክተር የኪዮሺ ኩሮሳዋ "ፐልስ" ነው። ሰብታይትሉ ጭራሽ አልገጥም አለ። ሰዎቹ ዝም ሲሉ ጽሑፉ ያወራል። ፕሮጀክተር ሁሉ ተከራይቻለሁ።

አቦል፦ የምታጫውተው በቪኤልሲ ፕሮግራም ከሆነ ኪቦርድህ ላይ "ኤች"ን ተጫን፣ ጽሑፉ ይዘገያል። "ጂ" ያስቀድመዋል። አንድ ጊዜ ስትጫን 50 ሚሊ ሰከንድ ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ ኩሮሳዋ ያ የሳሙራዩ ሰውዬ አይደል? ሞቷል እኮ፣ ነፍስ ይማር።

ጋሼ ሬዲዮ፦ እሱ አኪራ ነው፣ ዘመድም አይደሉም። ኪዮሺ በፈረንጅ 1955 ጃፓን፣ ኮቤ ከተማ ተወለደ፣ ዛሬም ይሠራል። አንድ ዘውግ ውስጥ አይታሰርም። "ኪዩር" (1997) የፖሊስ ምርመራ ነው፤ ገዳዮቹ ግን ለምን እንደገደሉ ራሳቸው አያውቁም። "ቶኪዮ ሶናታ" (2008) ደግሞ ከሥራ መባረሩን ከቤተሰቡ የሚደብቅ አባት ታሪክ ነው። አንድም መንፈስ የለበትም፤ ሆድህ ግን ይረበሻል። በ2020 ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ በ"የሰላይ ሚስት" በዳይሬክተርነቱ የብር አንበሳ ሽልማት...

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሰብታይትሉስ?

ሚጥሚጣ፦ ኤች ተጫን።

ጠያቂ፦ ጣቴ እስኪደነዝዝ ተጫንኩ!

ብርድ ልብስ፦ እኔ ግን "ሆረር ምሽት" ማለትህ ነው ያልገባኝ። የሚያስጮህ ፊልም አይደለም። ቀስ ብላ የምትመጣ ሴት፣ በቀይ ፕላስተር የታሸገ በር፣ በኢንተርኔት የሚገባ ብቸኝነት። እንግዶችህ ጩኸት ጠብቀው መጥተው ተክዘው ይመለሳሉ። ለጀማሪ "ኪዩር" ይሻላል።

ቆሎ፦ ጽሑፉ ላይ "ማቲ" የሚል ስም አለ?

ጠያቂ፦ አዎ! አሥር ጊዜ ማቲ ማቲ ይላል። እንዴት አወቅህ?

ቆሎ፦ ያወረድከው ሰብታይትል አሜሪካኖች በ2006 እንደገና የሠሩት "ፐልስ" ነው። በጃፓኑ ልጅቷ ሚቺ ናት። እስከ ፋሲካ ኤች ብትጫን አይገጥምም። "ካይሮ 2001" ብለህ ፈልግ፣ የጃፓንኛ ስሙ እሱ ነው። ርዝመቱንም እይ፤ የጃፓኑ ወደ ሁለት ሰዓት ነው፣ የአሜሪካኑ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም።

የፒያሳ ልጅ፦ ካይሮ? ግብፅ እዚህም ገባችብን?

ጋሼ ሬዲዮ፦ በጃፓንኛ ሰርኪዩት ማለት ነው፣ የኤሌክትሪኩ።

ሚጥሚጣ፦ ኤች ተጫንክ ወይ?

አቦል፦ ጠያቂ፣ 1:20 ሆነ። ተገኘ?

ብርድ ልብስ፦ ድምፁ ጠፋ። በሩን በቀይ ፕላስተር እያሸገ ይሆናል።