ከጥቁር ሰሌዳ ወደ መከላከያ ሚኒስቴር፦ የቱሉ ዲምቱና የገላን ቡድን ክርክር

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት ጥያቄ፦ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ፖለቲካ የገባ ሰው የመከላከያ ሚኒስትር ቢሆን ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ነገሩ ሩቅ አይደለም። ዶክተር ቀነዓ ያደታ በነሐሴ 2012፣ ዶክተር አብርሃም በላይ በመስከረም 2014 በዚሁ ወንበር ተሹመዋል። የውጭ ምሳሌም ይፈቀዳል፤ የውጭው ዓመት በእ.ኤ.አ. ይቆጠር። ስድብ የጻፈ ይወጣል።

ሻምበል፦ አያዋጣም። ማክናማራን ውሰዱ። ሃርቫርድ አስተምሮ፣ ፎርድ ኩባንያን መርቶ፣ ከ1961 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ሆነ። ቬትናምን በሠንጠረዥ ሊያሸንፍ ተነሳ። ከግንባር የሚፈለገው ሪፖርት «ስንት ጠላት ገደላችሁ» የሚል ነው። አዛዡ ዕድገቱ በዚያ ቁጥር እንደሚለካ ሲገባው የሞተውን ገበሬም ከጠላት ይደምራል፣ ከአጎራባቹ ጦር ጋር አንዱን አስከሬን ሁለቴ ይቆጥራል። ቁጥሩ በየዕዙ እያበጠ ዋሽንግተን ይደርሳል። መንደሩ ማታ በማን እጅ እንደሚያድር ግን ቁጥሩ አይናገርም።

መምህር፦ ጋሽ ሻምበል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማክናማራ ከክፍል አልመጣም። ያስተማረው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለጥቂት ዓመታት ነው፤ ከዚያ በኋላ የኩባንያ ሰው ነበር። ስለ ምሁር ካወራን ሌላው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር፣ አሽ ካርተር፣ ይሻላል። ከኦክስፎርድ በፊዚክስ ዶክትሬት ይዞ ሃርቫርድ አስተማረ። ሚኒስትር የሆነው ግን ከክፍል በቀጥታ ወጥቶ አይደለም። በ2009 የግዥ ኃላፊ፣ በ2011 ምክትል ሚኒስትር፣ በ2015 ሚኒስትር። ከሱ በፊት የነበረው ዊልያም ፔሪም የሒሳብ ዶክተር ነው፤ ከ1977 እስከ 1981 የምርምርና ምህንድስናውን ዘርፍ መርቶ፣ በ1993 ምክትል ሆኖ፣ በ1994 ነው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው።

ሻምበል፦ እንግዲህ የእኔን ነው ያጠናከርክልኝ። ያበቃቸው ዲግሪው ሳይሆን መሰላሉ ነው።

የሕግ ሰው፦ ከመሰላሉ በፊት ሕጉን እንይ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 ንዑስ አንቀጽ 2 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን ያዛል። የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ በአንቀጽ 74 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ስለዚህ «ጦር መርቶ አያውቅም» የሚለው ክስ ለሚኒስትር አይሠራም፤ ያ የኤታማዦር ሹሙ ሥራ ነው። እኛ ጋ ክፍተቱ ሌላ ነው፦ መለዮ ያወለቀ ሰው ስንት ዓመት ሲቆይ «ሲቪል» እንደሚባል አንቀጹ አይናገርም። ሜጀር ጄኔራል አባዱላ ገመዳ ከሠራዊቱ ወጥተው ሚኒስትር ሲሆኑ ይህ ጥያቄ ሊነሳ ይችል ነበር። አሜሪካኖች በ1947 የ10 ዓመት ገደብ አኖሩ፣ ኋላ ወደ 7 አወረዱት። ሆኖም በ2017 ለጄኔራል ማቲስ፣ በ2021 ለጄኔራል ኦስቲን በልዩ ፈቃድ አለፉት። የታጠረ ሁሉ በር አለው ማለት ነው።

የፍሊት ኃላፊ፦ እኔ ስለ ዕቃው ልናገር፤ ሚኒስቴር ማለት አንድ እጁ ግዥ ነው። እዚህ ገላን ጋራዦቹን ጠይቁ። ሲኖትራክ፣ ኢቬኮና ረኖ የቀላቀለ ባለንብረት ሦስት ዓይነት ፊልትሮ፣ ሦስት ዓይነት ፍሪሲዮን፣ ሦስት ዓይነት ኢንጀክተር ያከማቻል፤ አንዱ ሲያልቅ የሌላው አይገጥምለትም። ጦርም እንደዚያው ነው። ጨረታው በአንድ ተሽከርካሪ ዋጋ ብቻ ከተወዳደረ፣ አቅራቢው መለዋወጫውን፣ የመካኒክ ሥልጠናውንና ልዩ መፍቻውን ቆርጦ ዋጋ ይጥላል። ያሸንፋል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ዕቃው ሲያልቅ ያው አቅራቢ ብቻውን በፈለገው ዋጋ ይሸጣል። ገንዘብ ከሌለ ከቆመው ተፈትቶ ለሚሄደው ይገጠማል፣ ከዚያ የቆመው በዚያው ቆሞ ይቀራል። ይህን ቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ኢኮኖሚስት ቢሆን ምን ይለናል?

ሻምበል፦ አንድ ዓይነት ይሁን ትላለህ? ማክናማራም ብሎ ነበር። አየር ኃይሉና ባሕር ኃይሉ አንድ አውሮፕላን፣ ኤፍ 111ን፣ ይጠቀሙ አለ። በወረቀት ላይ መለዋወጫው ይቆጥባል። ግን ባሕር ኃይሉ ከመርከብ ላይ የሚነሳ፣ ቀለል ያለ ይፈልጋል፤ ለሱ የተሠራው ዓይነት ከብዶ በ1968 ተሰረዘ።

የፍሊት ኃላፊ፦ ይሄን እቀበላለሁ። መንገዱ ሲለያይ መኪናውም ይለያያል።

ሻምበል፦ ሌላውን የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር፣ ሃሮልድ ብራውንንም ጨምሩበት፤ መምህር በመሰላሉ ሊከላከለው እንዳይሞክር። ፊዚሲስት፣ የካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት፣ ቀደም ሲልም የአየር ኃይል ሚኒስትር የነበረ። በሱ ዘመን፣ ሚያዝያ 1980 እ.ኤ.አ.፣ የታገቱ አሜሪካውያንን ለማስለቀቅ 8 ሄሊኮፕተር ወደ ኢራን ተላከ፤ ለዘመቻው የሚያስፈልገው ዝቅተኛው 6 ነበር። አንዱ በሮተሩ ምላጭ ችግር መንገድ ላይ ቀረ፣ አንዱ በአሸዋ ማዕበል ተመለሰ፣ አንዱ በረሃው ላይ ሃይድሮሊኩ ተበላሸ። 5 ቀሩ፤ ተሰረዘ። ሲወጡ አንዱ ሄሊኮፕተር ነዳጅ ከጫነ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 8 ሰው ሞተ።

መምህር፦ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ምክንያቱ ግን በሚኒስትሩ ዲግሪ ላይ አይወድቅም። የባሕር ኃይል ሄሊኮፕተር፣ የማሪን አብራሪ፣ የአየር ኃይል አውሮፕላን፣ የምድር ጦር ኮማንዶ፤ ሁሉም አንድ ላይ ሙሉ ልምምድ አላደረጉም። ያንን ያረመው የጦር ክፍሎቹን ለማቀናጀት በ1986 የወጣው የጎልድዋተር–ኒኮልስ ሕግና በ1987 የተቋቋመው የልዩ ኃይሎች ዕዝ ነው። ወደ እኛ ስመለስ ደግሞ ስለ መሰላል ስናወራ በወንበሩ ላይ የሚቆዩበትን ዕድሜ ረሳን። አቶ ሲራጅ ፈጌሳ አሥር ዓመት ገደማ ቆዩ። ከሚያዝያ 2010 እስከ ነሐሴ 2012 ግን አቶ ሞቱማ መቃሳ፣ ኢንጂነር አይሻ መሐመድ፣ አቶ ለማ መገርሳና ዶክተር ቀነዓ በተከታታይ ተሾሙ፤ አራት ሰው። በመካከላቸው የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር አይሻ በስድስት ወር ተነሱ፣ በግንቦት 2016 ተመለሱ። አንድ ትልቅ የግዥ ውል ከፍላጎት ዝርዝር እስከ ርክክብ ከሁለት ዓመት በላይ ይወስዳል። ፈራሚው አንድ፣ ተረካቢው ሌላ ከሆነ ጀነራልም ፕሮፌሰርም እኩል ይቸገራል።

የሕግ ሰው፦ ለዚህ ምክር ቤቱ ነው መጠየቅ ያለበት። አሁን ባብዛኛው የዕጩው የትምህርትና የሥራ ታሪክ ይነበባል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ ያልቃል። ዕጩው ለብቻው በቋሚ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ቢጠየቅ ምን ይጎዳል? የሚያድሳቸውን ውሎች ያውቃቸው እንደሆነ፣ የቁስለኛና የጡረታ ክፍያን ለማን እንደሚያስጠብቅ፣ ኤታማዦር ሹሙ «አይሆንም» ቢለው ምን እንደሚያደርግ።

ሻምበል፦ የመጨረሻው ላይ እስማማለሁ። ግን ጥያቄው ዝግ ስብሰባ ላይ ይሁን። የሠራዊት ጉድለት በቴሌቪዥን አይቆጠርም።

የሕግ ሰው፦ ዝግ ከሆነማ እኛ ማወቅ ያለብንን ማን ይነግረናል? አወያይ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ርዕስ ይሄ ይሁን።