በዩኒቨርሲቲ የሌክቸረርነት ማስታወቂያ፦ ምን ይዤ ልቅረብ?

ጥያቄ፦ በሲቪል ምህንድስና ማስተርስ አለኝ፤ በግል ድርጅት 3 ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሌክቸረር ይፈልጋል። ማስታወቂያው «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ» ይላል። የሥራ ልምዴስ ይያዝልኛል?

መልስ 1፦ የሁለቱንም ዲግሪ ማስረጃ ያዝ። ብዙ ሰው የማስተርሱን ብቻ ይዞ ይሄድና የመጀመሪያ ዲግሪውን ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጠውን የውጤት ዝርዝር) ይጠየቃል፤ ውጤቱ የሚመዘነው ከሁለቱም ነውና። በፎቶ ኮፒው ላይ ማህተሙና ፊርማው በግልጽ ይታይ። ቀኑን ስትቆጥር ማስታወቂያው ከወጣበት ዕለት ጀምር፤ «የሥራ ቀናት» ካለ ቅዳሜ፣ እሑድና የበዓል ቀን አይቆጠሩም።

መልስ 2፦ የግል ድርጅት የሥራ ልምድ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በደብዳቤው ጉድለት ነው። የሥራ መደቡ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራህ በቀንና በወር፣ ደመወዝህ፣ የሥራ ግብር መከፈሉ፣ የደብዳቤው ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ይኑሩበት። ግብር መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ልምዱን አይዙም። አሁኑኑ ድርጅቱን ጠይቅ፣ በመጨረሻው ቀን አይደርስልህም።

መልስ 3፦ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (ይፋዊው የውጤት ዝርዝር) ደግሞ ከተማርክበት ሬጅስትራር በቀጥታ ወደ ቀጣሪው የሚላክ ነው፤ በእጅ ከሰጡህም ፖስታውን እንዳትከፍተው። ዲግሪው ከውጭ አገር ከሆነ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት (ከአገር ውስጥ ዲግሪ ጋር እኩል መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ) ያስፈልገዋል። ለፈተናው አጭር ማስተማሪያ አዘጋጅ፤ በእኔ ግምት እጩዎችን የሚለየው እሱ ነው። አንድ ርዕስ፣ ለምሳሌ የቢም (ጭነት የሚሸከም አግዳሚ) መታጠፍን፣ በሰሌዳ ላይ ከስሌቱ ጋር ማስረዳት ብዙ ስላይድ ከማንበብ ይሻላል።